አንድ የሻጭ ናሙና ለሰው ዳሌ የሰጠው አገልግሎት

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ አስቀድሞ በዐይኑ ያያል፤ በእጁም ይዳስሳል። ጨርቅ የሚገዛ ጫፉን በጣቶቹ መካከል ያሻል፤ እህል የሚገዛ ፍሬውን በጥርሱ ይሰብራል፤ ብረት የሚገዛም መትቶ ድምፁን ያዳምጣል። ይህ ልማድ ከአባቶች የተወረሰ ሲሆን ብዙ ጊዜም አያሳስትም። ሆኖም ዐይንና እጅ ሊያውቁት የማይችሉት አንድ የዕቃ ጠባይ አለ፤ ይኸውም ዕቃው ሸክም ተጭኖበት ሚሊዮን ጊዜ ከተፋተገ በኋላ ምን እንደሚሆን ነው። ይህንን የሚመረምረው፣ የዕቃዎችን ጥንካሬና ድካም የሚለካው የመካኒክ ትምህርት ነው።

የዚህ ትምህርት ዋጋ ከፋብሪካ ይልቅ በሆስፒታል የታየበት አንድ ታሪክ አለ። ዛሬ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች የታመመው የዳሌ መጋጠሚያቸው ወጥቶ በሰው እጅ በተሠራ መጋጠሚያ ይተካላቸዋል። በዱላ ተደግፎ እንኳ መራመድ ያቃተው ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ ሕክምና ለዚህ ማዕርግ የበቃው በሐኪሞች ብልሃት ብቻ አይደለም። ዋናው ዕቃ የተገኘው ከአንድ ተዘዋዋሪ ሻጭ ቦርሳ ነው። ስለዚህ ታሪኩ ከሐኪሞች ይልቅ ለነጋዴዎች የቀረበ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በመጨረሻ ከሚነሣው ከአንድ አዋጅ ቍጥር በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የዳሌ ሥራ

የዳሌ መጋጠሚያ በመካኒክ ዐይን ሲታይ አንድ ኩሽኔታ ነው። የጭን አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ይህ ክብ ራስ በዳሌው አጥንት ውስጥ እንደ ዋንጫ በጐደጐደ ስፍራ ገብቶ ይዞራል። ሁለቱም ገጾች ለስላሳ በሆነ ልም አጥንት የተሸፈኑ ናቸው፤ በመካከላቸውም ተፈጥሮ ራሷ የምታፈልቀው ቅባት አለ።

ይህ ኩሽኔታ የሚሸከመው ክብደት ብዙዎች ከሚያስቡት እጅግ ይበልጣል። ሰው ሲራመድ ሰውነቱን ሚዛን ለማስጠበቅ ጡንቻዎች አጥንቱን ወደ ውስጥ ይስቡታልና፣ በመጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጭነት ከሰውዬው ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። እንግዲህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በያንዳንዱ እርምጃ ከ150 እስከ 180 ኪሎ የሚሆን ጭነት በዳሌው ላይ ያሳርፋል ማለት ነው። ሰው በአንድ እግሩ በዓመት አንድ ሚሊዮን ያህል ጊዜ ይረግጣል። በ10 ዓመት 10 ሚሊዮን ይሆናል። ይህንን ሁሉ ያለ እረፍትና ያለ መለዋወጫ የሚችል ኩሽኔታ በየትኛውም ፋብሪካ ቢገኝ ባለቤቱ እጅግ ያመሰግነዋል።

ልም አጥንቱ በሕመም ወይም በዕድሜ ያለቀ እንደ ሆነ ግን አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል። ሕመምተኛው ጫማውን ማሰር፣ ደረጃ መውጣት፣ በመጨረሻም ሌሊት መተኛት ያቅተዋል።

ሐኪሞች ይህንን በሌላ ዕቃ ለመተካት ከጥንት ጀምሮ ሞክረዋል። በበርሊን ቴሚስቶክለስ ግሉክ የተባሉ ሐኪም በ1891 ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ክብ ራስ ተከሉ። በለንደን ፊሊፕ ዋይልስ በ1938 ከማይዝግ ብረት ሠሩ። በፓሪስ ዡዴ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በ1946 አክሪሊክ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ራስ መትከል ጀመሩ። የሁሉም ጅምር ተስፋ የሚሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ውሎ አድሮ አንዳንዱ ተላቀቀ፣ አንዳንዱ ተሰበረ፣ አንዳንዱም አለቀ።

የሚጮኸው መጋጠሚያ

ጆን ቻርንሊ በ1911 በእንግሊዝ አገር በላንካሸር አውራጃ፣ ቤሪ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በማንቸስተር ተምረው የአጥንት ሐኪም ሆኑ። ከዕለታት አንድ ቀን ከፓሪሱ ዓይነት የአክሪሊክ ራስ የተተከለለት አንድ ሕመምተኛ ወደ እርሳቸው መጣ። አቤቱታው እንግዳ ነበር፤ በተንቀሳቀሰ ቍጥር ዳሌው ይጮኻል፣ በዚህም የተነሣ ሚስቱ ከእርሱ ጋር በአንድ ክፍል መቀመጥ አስቸግሯታል።

ሌላ ሐኪም ቢሆን ስቆ ባለፈው ነበር። ዶክቶር ቻርንሊ ግን ነገሩን እንደ መካኒክ ተመለከቱት። ወፍጮ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሚጮኽ ኩሽኔታ ቅባት ያጣ ኩሽኔታ ነው። ጉዳቱም በጩኸቱ አያበቃም፤ ፍትጊያው የጠነከረ እንደ ሆነ የሚሽከረከረው ዕቃ የማይሽከረከረውን አብሮ ለማዞር ይታገላል፤ ብሎኖችም እየላሉ ይሄዳሉ። በሰው ዳሌም ውስጥ እንዲሁ ነበር። የተተከለው ራስ ከአጥንቱ የሚላቀቀው በተከላው ጕድለት ብቻ ሳይሆን፣ በመጋጠሚያው ላይ ባለው ብርቱ ፍትጊያ መሆኑን ተረዱ።

ከዚህ በኋላ የተፈጥሮን መጋጠሚያ ፍትጊያ በመሣሪያ ለኩ። ልም አጥንት በልም አጥንት ላይ ሲንሸራተት በረዶ በበረዶ ላይ ከሚንሸራተተው የሚያንስ እንጂ የሚበልጥ ፍትጊያ እንደሌለው አገኙ። ስለዚህ በስፍራው የሚተካው ዕቃ እጅግ የሚያንሸራትት መሆን አለበት ብለው ወሰኑ። በዚያ ጊዜ ከሚታወቁት ጠጣር ዕቃዎች ሁሉ የሚያንሸራትተው ቴፍሎን ነበር። ይህ ዕቃ በ1938 በአሜሪካ የተገኘ ሲሆን፣ ዛሬ ምግብ እንዳይዝ የመጥበሻ መለበጫ ሆኖ በየሱቁ ይታወቃል።

ዶክቶር ቻርንሊ ከ1958 ጀምሮ በላንካሸር፣ በዊጋን ከተማ አጠገብ ባለው በራይቲንግተን ሆስፒታል ያከናወኑት ሥራ በሦስት ሐሳቦች ላይ የቆመ ነበር።

የመጀመሪያው፣ ዋንጫው ከሚያንሸራትት ፕላስቲክ፣ ራሱ ከማይዝግ ብረት እንዲሆን ነው።

ሁለተኛው፣ የብረቱ ራስ ትንሽ እንዲሆን ነው። ትልቅ መዘውር ከትንሽ መዘውር ይልቅ አክሱን በብርቱ እንደሚጠመዝዝ ሁሉ፣ ትልቅ ራስም በፍትጊያው ዋንጫውን በብርቱ ይጠመዝዘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ የነበረውን የራሱን ስፋት ደረጃ በደረጃ ቀንሰው በመጨረሻ ወደ 22 ሚሊ ሜትር አደረሱት። ራሱ ሲያንስ ለፕላስቲኩ ውፍረት የሚሆን ስፍራም ተገኘ።

ሦስተኛው፣ ዕቃው ከአጥንቱ ጋር በሲሚንቶ እንዲያያዝ ነው። ይህ ሲሚንቶ የጥርስ ሐኪሞች ሰው ሠራሽ ድድ ለመሥራት ከሚጠቀሙበት አክሪሊክ ወገን ሲሆን፣ ሐሳቡን ያካፈሏቸው በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ዕቃዎችን የሚያጠኑ ዴኒስ ስሚዝ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ናቸው። ሲሚንቶው እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ አይደለም፤ ግንበኛ በድንጋይና በድንጋይ መካከል እንደሚያደርገው ጭቃ፣ በብረቱና በአጥንቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ሞልቶ ሸክሙን በሰፊው ያከፋፍላል።

የ300 ሰዎች ጉዳይ

የሥራው መጀመሪያ እጅግ የሚያስደንቅ ሆነ። ለዓመታት ያነከሱ ሰዎች ከአልጋቸው ተነሥተው ያለ ሕመም ሄዱ። በ1961 የሥራው ውጤት ላንሴት በሚባለው የለንደን የሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ።

ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን መልካምነት ለሦስተኛው ዓመት ዋስ አልሆነም። በራጅ ሲታይ የብረቱ ራስ ቴፍሎኑን እየቦረቦረ ወደ ላይ ሲገባ ተገኘ። ከዚህም የከፋው፣ ተፍቆ የወጣው የቴፍሎን ድቃቂ በመጋጠሚያው ዙሪያ ተከማችቶ ሥጋውን አስቈጣው፤ አጥንቱንም አበላሸው። የቴፍሎን ዋንጫ የተተከለላቸው ሰዎች 300 ያህል ነበሩ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አስፈለጋቸው፤ ሕመሙም ተመልሶባቸው መጡ። ዶክቶር ቻርንሊ ሕመምተኞቹን ለሌላ ሐኪም አላስተላለፉም፤ ራሳቸው የተከሉትን ራሳቸው ያወጡ ነበር።

እዚህ ላይ የስሕተቱን ሥር ማስተዋል ይገባል። ማንሸራተት አንድ ነገር ነው፤ አለማለቅ ሌላ ነገር ነው። ሳሙና እጅግ ያንሸራትታል፤ ነገር ግን በአንድ ሳምንት ያልቃል። ቴፍሎንም ፍትጊያው ትንሽ ስለሆነ ዕድሜው ረዥም ይሆናል ተብሎ ታመነበት፤ ሸክም ተጭኖበት ስንት ሚሊዮን እርምጃ እንደሚችል ግን አስቀድሞ በሚገባ አልተፈተነም ነበር። ቴፍሎኑን በሌላ ዕቃ ደባልቆ ለማጠንከርም ተሞከረ፤ ይህ ድብልቅ በመፈተኛው መኪና ላይ ጥሩ ተስፋ ቢሰጥም በሰው አካል ውስጥ ተስፋውን አላጸናም።

የሻጩ ጕብኝት

በራይቲንግተን ሆስፒታል በዶክቶር ቻርንሊ ወርክሾፕ ውስጥ ሃሪ ክሬቨን የሚባሉ የቴክኒክ ሠራተኛ ነበሩ። ብረት በቶርኖ እየጠረቡ የመጋጠሚያዎቹን ናሙናዎችና የሐኪሙን መሣሪያዎች የሚሠሩት እርሳቸው ናቸው። የፕላስቲክ ናሙናዎች በብረት ሥር በክብደት ተጭነው ቀንና ሌሊት የሚፋተጉበት አንድ የመፈተኛ መኪናም ነበራቸው።

በግንቦት ወር 1962 አንድ የፕላስቲክ ሻጭ ናሙናውን ይዞ ወደ ወርክሾፑ መጣ። ዕቃው በጀርመን አገር በሩር አውራጃ የተሠራ፣ ሞለኪዩሎቹ እጅግ የረዘሙ የፖሊኤቲሊን ዓይነት ነበር። ሻጩ ይህንን ዕቃ የሚሸጠው ለላንካሸር የጨርቅ ፋብሪካዎች ነው፤ እዚያም የሽመና መኪናዎች ጥርሳም መዘውሮች ይሠሩበት ነበር። የሽመና መኪና ያለው ሰው እንደሚያውቀው፣ እነዚህ መዘውሮች ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጡ ይመታሉ፣ ይፋተጋሉም። ስለ ሰው ዳሌ ሻጩ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ምናልባት ይጠቅማችሁ እንደ ሆነ ብሎ ነው ያመጣው።

ሚስተር ክሬቨን ቍራጩን ለዶክቶር ቻርንሊ አሳዩ። ዶክቶሩም የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ሰክተው አዩት፤ ጥፍሩም ምልክት አደረገበት። ይህን ያህል ለስላሳ የሆነ ነገር አይረባም፣ ጊዜህን አታባክን ብለው ሄዱ። ያ ታላቅ ሊቅ በዚያች ሰዓት የፈረዱት ገበያ ላይ ጨርቅ በጣቱ እንደሚያሽ ሰው በእጃቸው ብቻ ነበር።

ሚስተር ክሬቨን ግን ናሙናውን አልጣሉትም። ዶክቶሩ ወደ ውጭ አገር ሄደው ሳለ በመፈተኛው መኪና ላይ አስገቡት። መኪናው ቀንና ሌሊት 3 ሳምንት ሠራ። ከዚያ በኋላ ሲለካ፣ አዲሱ ዕቃ በ3 ሳምንት ያለቀው ቴፍሎን በ24 ሰዓት ከሚያልቀው እንኳ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ዶክቶር ቻርንሊ ተመልሰው ውጤቱን ባዩ ጊዜ አስቀድሞ የተናገሩትን ተዉ፤ ቍጥሩንም ተቀበሉ።

ይህ ዕቃ የቻለው ለምን እንደ ሆነ ማስረዳት ለጥጥ ነጋዴ ቀላል ነው። ጭረቱ አጭር የሆነ ጥጥ ሲፈተል ክሩ ቶሎ ይበጠሳል፤ ጭረቱ የረዘመ እንደ ሆነ ግን አንዱ ጭረት ከብዙዎች ጋር ተጠላልፎ ስለሚያያዝ ክሩ ይጠነክራል። ፖሊኤቲሊንም እንደ ሰንሰለት ከረዘሙ ሞለኪዩሎች የተሠራ ነው። ተራው ፖሊኤቲሊን በ1933 በእንግሊዝ አገር የተገኘ ሲሆን፣ ዛሬ ጀሪካንና የዕቃ መያዣ ከረጢት ይሠራበታል። ጀርመናዊው ካርል ዚግለር በ1953 ያገኙት አዲስ የአሠራር ዘዴ ደግሞ ሰንሰለቶቹ ብዙ እጥፍ እንዲረዝሙ አስቻለ፤ ለዚህም ሥራቸው በ1963 የኖቤልን ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፍለዋል። ሰንሰለቶቹ በረዘሙ መጠን እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ፤ በፍትጊያ ጊዜም ከገጹ ላይ ተነቅለው ለመውጣት ያስቸግራሉ። ጥፍር ሊጭረው የሚችል ለስላሳ ዕቃ ሚሊዮን እርምጃዎችን የቻለበት ምሥጢር ይህ ነው።

ከናሙና እስከ ሕመምተኛ

ፈተናው በመኪና ላይ ብቻ አልቀረም። ዶክቶር ቻርንሊ የቴፍሎኑ ጥፋት ስላስተማራቸው፣ የሁለቱንም ዕቃዎች ድቃቂ በገዛ ጭናቸው ውስጥ አስገብተው ጠበቁ። ከወራት በኋላ ቴፍሎኑ የገባበት ስፍራ አብጦ በእጅ ይዳሰስ ነበር፤ ፖሊኤቲሊኑ የገባበት ግን እንደዚያ አልሆነም። ይህንንም በ1963 በላንሴት መጽሔት ላይ ለሐኪሞች አስታወቁ።

የመጀመሪያው የፖሊኤቲሊን ዋንጫ በሰው ላይ የተተከለው በኅዳር ወር 1962 ነው። ከዚያ በኋላ የተደረገው ነገር በተለይ ለነጋዴ የሚያስገርም ነው። ገበያው ክፍት ነበር፤ ፈላጊውም ብዙ ነበር። ነገር ግን ዶክቶር ቻርንሊ ዕቃውን በሊድስ ከተማ የሚሠራው ፋብሪካ ለፈለገ ሁሉ እንዳይሸጥ አደረጉ። እስከ 1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ድረስ ዕቃውን መግዛት የሚችለው ራይቲንግተን ድረስ ሄዶ አተካከሉን የተማረ ሐኪም ብቻ ነበር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፣ በቴፍሎን የደረሰው እንዳይደገም ትርፉ እንዲዘገይ መረጡ። ሕመምተኞችም በሞቱ ጊዜ የተተከለላቸው ዕቃ ተወስዶ እንዲመረመር አስቀድመው እንዲፈቅዱ ይጠየቁ ነበር፤ ብዙዎችም ፈቀዱ። በዚህ መንገድ ዕቃው በ10 ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንዳለቀ በመለኪያ ሊታወቅ ቻለ፤ ይኸውም በየዓመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅ ብዙ የማይርቅ ነበር።

ዕቃው መልካም ቢሆንም ሕክምናው ያለ ንጽሕና አይጸናም። በአጥንት ውስጥ የተተከለ ባዕድ ነገር አንድ ጊዜ በተሕዋስያን የተመረዘ እንደ ሆነ፣ ቁስሉ ብዙ ጊዜ ዕቃው ሳይወጣ አይድንም። በራይቲንግተን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ100 ሕመምተኞች 9 ያህሉ ይህ አደጋ ይደርስባቸው ነበር። ዶክቶር ቻርንሊ የተጣራ አየር ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ልዩ የቀዶ ጥገና ክፍል አሠሩ፤ የሐኪሞቹም ልብስ ትንፋሽን ወደ ውጭ የሚያስወጣ እንዲሆን አደረጉ። በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ አደጋው ከ100 ወደ 1 ገደማ ዝቅ አለ።

ዶክቶር ቻርንሊ በ1977 የሰር ማዕርግ ተሰጣቸው፤ በ1982 አረፉ። ላንሴት በ2007 ባወጣው ጽሑፍ ይህንን ሕክምና የምዕተ ዓመቱ ቀዶ ጥገና ብሎታል። በዚሁ መጽሔት በ2019 የወጣው ጥናት ደግሞ ከ100 የተተከሉ የዳሌ መጋጠሚያዎች 58 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ አስታውቋል።

መጋዘንና መዝገብ

ሆኖም የዕቃው ጕድለት በዚህ ሁሉ አልተፈጸመም። ከዓመታት በኋላ የታዩ ሁለት ነገሮች በተለይ አስመጪን የሚመለከቱ ናቸው።

የመጀመሪያው የመጋዘን ነገር ነው። የፕላስቲኩ ዋንጫ ከፋብሪካ ሲወጣ ተሕዋስያንን ለመግደል በጋማ ጨረር ይመታ ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት እንደ ተረጋገጠው፣ ይህ ሥራ አየር ባለበት ማሸጊያ ውስጥ የተደረገ እንደ ሆነ ጨረሩ አንዳንድ ሰንሰለቶችን ይቈርጣል፤ የተቈረጡትም ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳሉ። ዕቃው ሳይነካ በመደርደሪያ ላይ ለዓመታት ሲቀመጥ እንኳ እየደረቀና እየተሰባበረ ይሄዳል። እንግዲህ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ዋንጫዎች፣ አንዱ ወዲያው ሲተከል ሌላው ለዓመታት በመጋዘን ቢቈይ፣ በሰው አካል ውስጥ እኩል አያገለግሉም። ከዚህ ወዲህ ፋብሪካዎች ዕቃውን አየር በሌለበት ወይም ጕዳት በማያደርስ ጋዝ በተሞላ ማሸጊያ ማሸግ ጀመሩ። ደግሞም ጨረሩን በልክ አብዝተው ሰንሰለቶቹን እርስ በርሳቸው በማያያዝና ቀጥሎም በማሞቅ፣ ከቀድሞው እጅግ ያነሰ የሚፋቅ ፕላስቲክ አገኙ።

ሁለተኛው የመዝገብ ነገር ነው። የፕላስቲክ ድቃቂን ለማስቀረት ብረት በብረት ላይ የሚዞርባቸው መጋጠሚያዎች እንደ ገና በሰፊው ተሸጡ። ከእነዚህ አንዱ ዓይነት በ2010 ከዓለም ገበያ ሁሉ እንዲሰበሰብ ሆነ፤ በዚያን ጊዜ 93,000 ያህል ተተክሎ ነበር። ምክንያቱም ከብረቱ የሚፋቀው ኮባልትና ክሮም በብዙ ሕመምተኞች መጋጠሚያ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ጐዳ። ይህ ጕድለት ከታወቀባቸው መንገዶች አንዱ በአውስትራልያ በ1999 የተጀመረው መዝገብ ነው። በዚያ መዝገብ እያንዳንዱ የተተከለ መጋጠሚያ ከነዓይነቱ ይጻፋል፤ ዳግመኛ ቀዶ ጥገና ሲደረግም እንዲሁ ይጻፋል። ስለዚህ የትኛው ዓይነት ከሌሎቹ ቀድሞ እንደሚበላሽ ከቍጥሩ ሊታይ ቻለ። ስዊድን እንዲህ ያለውን መዝገብ የጀመረችው በ1979 ነው፤ እንግሊዝና ዌልስ በ2003 ጀመሩ።

ለአስመጪና ለባለ ሱቅ የሚሆን ምክር

የዳሌ መጋጠሚያ የሚያስመጣ ነጋዴ ጥቂት ነው። ነገር ግን ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ኩሽኔታ፣ ቧንቧ፣ ጎማና የመኪና መለዋወጫ ለሚሸጥ ሁሉ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ስም አንድ መሆኑ ዕቃው አንድ ለመሆኑ ምስክር አይደለም። ጀሪካንም የዳሌ ዋንጫም ፖሊኤቲሊን ይባላሉ። ስለዚህ አስመጪ ትእዛዝ ሲሰጥ የዕቃውን ስም ብቻ ሳይሆን ደረጃውን መጻፍ አለበት። ለምሳሌ በሰው አካል ለሚተከለው ፖሊኤቲሊን የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ5834 ቍጥር ደረጃ አውጥቶለታል።

ሁለተኛ፣ የፈተና ወረቀት ሲቀርብ ምን ያህል ሸክም ተጭኖበት ስንት ጊዜ እንደ ተፋተገ መጠየቅ ይገባል። የዳሌ መጋጠሚያ በመኪና ሲፈተን እስከ 5 ሚሊዮን እርምጃ እንዲሄድ የተለመደ ነው። ዕቃው ጠንካራ ነው፣ ያንሸራትታል፣ ያብረቀርቃል የሚለው የሻጭ ቃል የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ይናገራል።

ሦስተኛ፣ የተሠራበትን ቀን፣ የማሸጊያውን ዓይነትና የመጋዘኑን ሁኔታ ማወቅ የዕቃውን ዋጋ እንደ ማወቅ ነው። አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይውጣ የሚለው የመጋዘን ሕግ ለእህልና ለመድኃኒት ብቻ የተሠራ አይደለም።

አራተኛ፣ የምርት ቍጥርና የገዢው ስም በመዝገብ ይቀመጥ። ፋብሪካው ጕድለት አግኝቶ ዕቃውን ሲሰበስብ፣ መዝገብ ያለው አስመጪ በአንድ ቀን ለገዢዎቹ ይደርሳል፤ መዝገብ የሌለው ግን የሸጠውን ዕቃና የገዙትን ሰዎች ፈልጎ አያገኝም። በኢትዮጵያ የሕክምና መሣሪያዎችን ጉዳይ የሚቈጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112/2011ም ይህንኑ ይመለከታል። ስለዚህ በዚህ ንግድ የሚሰማራ አስመጪ ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ከባለሥልጣኑ ጋር ጉዳዩን መጨረስ ይገባዋል።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ የደንበኛን አቤቱታ መስማት ነው። ዶክቶር ቻርንሊ ወደ ፍትጊያ ምርመራ የገቡት ዳሌው የሚጮኽበትን ሰው አቤቱታ ሰምተው ነው። ሚስተር ክሬቨንም አለቃቸው የናቁትን ናሙና በመኪናው ላይ ያስገቡት ጥፍር የሰጠውን ፍርድ በመለኪያ ለማረጋገጥ ነው። የገዛው ዕቃ ጮኸ፣ ላላ ወይም አለቀ ብሎ የሚመለስ ደንበኛ ለሱቁ ያለ ክፍያ የሚሠራ መርማሪ ነውና፣ ቃሉ ከነቀኑና ከነምርት ቍጥሩ ተጽፎ ለፋብሪካው ሊላክ ይገባል።